ቤት ስመታ

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦
«ለሽያጭ የቀረበ፣ ዕድሜ ጠገብ የገጠር ቤት፣
የእንጨት አጽም፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ከነጓሮው፤
ጥቂት ዕድሳት የሚፈልግ።»

«ጥቂት» ያለው ደላላው ነው።
ደላላ መቼም ጠማማውን «ዘመም ያለ»፣
የሚያፈሰውን «አየር የሚያገኝ» ይላል።
እኔ መዶሻዬን ይዤ መጣሁ፤
መተዳደሪያዬ ቤት መምታት ነው፤
ጤነኛ እንጨት ሲመቱት ይመልሳል፣
የበሰበሰው ዝም ይላል።

ሄለንሮዴ መንደር፣ የሰሜን ጀርመን ጭጋግ ውስጥ፣
ጣራው የድንጋይ ሽበት አብቅሎ፣ በሩ በዝናብ አብጦ።
ወይዘሮ ቪብከ ሃርምስ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፣
ቁልፉን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ አስረዋል።
ኢምከና ቻርክ የሚባሉ ገዢዎች መጥተዋል፤
እሷ መስኮት ትለካለች፣ እሱ ብድር ያሰላል።

ከታች ጀመርኩ፤ መሠረቱ ላይ ከተጋደመው ግንድ።
መታሁት፤ ዝም አለ።
ቢላዬን ሰደድኩት፤ እስከ እጀታው ገባ።
«በሰሜን በኩል ያለው ግንድ በስብሷል» ብዬ ጻፍኩ።
ወይዘሮዋ በትከሻዬ ላይ አጮልቀው አነበቡና
«እዚያ ጋ ነበር ከብቶቹ የሚሸኑት» አሉ፤
«ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ።
እርስዎ ቢሆኑ አይበሰብሱም?»

ከበሩ በላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀርጿል፦
«ሂንሪክና ጌሼ ይህን ቤት አቆሙ፤
እግዜር ከእሳትና ከጎረቤት ይጠብቀው።
ሺህ ሰባት መቶ አርባ አንድ።»
«ከጎረቤት?» አልኩ።
«የድንበር ክርክር ነበረባቸው» አሉ።
«እኛም አለብን።»

ልስኑ በወደቀበት በኩል ጭቃው ይታያል፣
በጭቃው ውስጥ ጭድ፣ በጭዱ መሀል አንዲት የአጃ ዘለላ።
ቆንጥሬ አሸተትኩ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ፤
ለሰፈር ደቦ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ረግጫለሁ፣
አዲስ ሱሪ አበላሽቼም ተገርፌበታለሁ።
ለካስ ጭቃ አገር የለውም፤
ውሃና ጭድ ካገኘ የትም ይቦካል።

ምስማር የሚባል የለም እዚህ ቤት።
የአንዱ ምላስ በሌላው ጉድጓድ ገብቶ፣
በእንጨት ችካል ተቆልፎ፣
እንጨት ከእንጨት ገጥሞ ቆሟል።
በእኛ አፍ ይህ ግጥም ነው።
ለቻርክ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤
በእሱ ቋንቋ ግን ነገሩ አልገጥም አለኝ፣
«ጥሩ አናጢ ነበር» ብዬ አለፍኩ።

ምሰሶዎቹ ቁጥር አላቸው፣ በመጥረቢያ የተጫረ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሰባት ላይ ያልቃል።
ከምድጃው አጠገብ ያለው ብቻ አሥራ አራት ይላል።

በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ፣ በሌላ መጥረቢያ፣
ጎኑ ላይ ባዶ ጉድጓዶች፣ የድሮ ምላስ ማደሪያ።
ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ከተቃጠለ ቤት፣
ከፈረሰ ጎተራ፣ ወይ ጎርፍ ከወሰደው ወፍጮ ቤት።
«አያቴ እንግዳው ይሉት ነበር» አሉ ወይዘሮ ቪብከ፤
«ማን እንዳመጣው አላውቅም።
ጣራው ግን እሱ ላይ ነው ያለው።»

መታሁት።

ቤቱ፣ በመጨረሻ፣ ቤት መታ።

ውሻ ከማዶ ጮኸ፣ ኢምከ ሜትሯን ጣለች፣
ከጣራው ሥር አንዲት ጉጉት በቀን ተነስታ በረረች።
«ያለ ማዳመጫዬም የምሰማው እሱን ብቻ ነው»
አሉ አሮጊቷ፣ ጆሯቸውን እየነካኩ።

ደገምኩት፤ ለሥራዬ አይደለም፣ ለራሴ ጆሮ ብዬ፣
ባዶ ጉድጓዶቹን በጣቴ ዳሰስኩ፣ መዶሻዬን አስቀምጬ።
ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ፦
«ቁጥር አሥራ አራት፤ ጤነኛ። አይነካ።»

«ጠቅላላው ስንት ያወጣል?» አለ ቻርክ።
ነገርኩት። ፊቱ ከልስኑ ባሰ።
እንደገና ነገርኩት፣ ጣራውን ቀንሼ፤ ለውጥ የለውም።
ኢምከ መልስ አልሰጠችም፤
መዳፏ አሁንም ምሰሶው ላይ ነበር፣
እንደ ፈረስ አንገት።

ወይዘሮ ቪብከ ክሩን ካንገታቸው ሊያወጡ ጀመሩ፤
ከማዳመጫቸው ጋር ተጠላለፈ።
ልርዳዎት የሚል አልነበረም፤
እሳቸውም አልቸኮሉ።